ጥርስ ሲያም በባሕር ዳር፦ የመንግሥት ወረፋ ወይስ የግል ክሊኒክ ሂሳብ?

ባሕር ዳር ውስጥ ጥርሱን ያመመው ሰው ሁለት በር አለው። አንዱ የመንግሥት ነው፦ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ በአዴት መንገድ ያለው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። ክፍያው አያስፈራም፣ ወረፋው ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሌላው የግል የጥርስ ክሊኒክ ነው። ጠዋት ደውሎ ከሰዓት መታየት ይቻላል፣ ሂሳቡ ግን የወሩን አስቤዛ ሊያናጋ ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው ብርና ቀን ብቻ ነው። ጥርሱን ራሱን ይረሳዋል። እናንተ ወረፋ ስትጠብቁ የተቦረቦረ ጥርስ አይጠብቃችሁም። ዛሬ በሙሌት የሚድነው፣ ከወራት በኋላ «ነርቩ ካልተገደለ አይሆንም» ይባላል። ያም ካለፈ የሚቀረው መንቀል ነው። ስለዚህ የትኛው በር እንደሚሻል የሚወስነው ጥርሱ የደረሰበት ደረጃ ነው።

መጀመሪያ ህመሙን ለዩት

ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ወጋ አድርጎ በሰከንዶች ውስጥ የሚለቅ ከሆነ፣ ነርቩ ገና ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሙሌት ይበቃዋል። ከሁሉም ርካሹ ደረጃ ይሄ ነው። የሚያሳዝነው፣ እንቅልፍ ስለማይነሳ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሐኪም ጋ አይሄድም።

ሻይ ሲጠጡ የሚነሳ፣ ሻዩ ካለቀ በኋላም የሚጠዘጥዝ፣ ማታ ጋደም ሲሉ የሚብስ ከሆነ ግን ነርቩ ተነክቷል። ጥርስ ውስጥ ያለው ሥጋ ሲቆጣ የሚያብጥበት ቦታ የለውም፣ ዙሪያው ደረቅ ግድግዳ ነው። ስትተኙ ወደ ራስ የሚሄደው የደም ግፊት ይጨምርና ህመሙ ይጠናል። እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሰ ምርጫው ሁለት ነው፦ ነርቩን አውጥቶ ስሩን ማከም (ሩት ካናል የሚሉት)፣ ወይም መንቀል።

አንዳንዴ ሲያሰቃይ የከረመ ጥርስ በድንገት ዝም ይላል። «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን የሚተው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነርቩ ሞቶ ነው። ተዋህሲያኑ ወደ ስሩ ጫፍ ይወርዱና ቆይተው በእብጠትና በመግል ይመለሳሉ። ዝም ያለ ጥርስ ይዛችሁ ወረፋ ላይ ከሆናችሁ እባካችሁ ከወረፋው አትውጡ።

ጉንጭ ወይም ከአገጭ ስር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ ማወዳደር አያስፈልግም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እንዲህ ያለው እብጠት ወደ አንገት ወርዶ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና ቀዶ ሐኪም ያለበት ቦታ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ይሄ በአንድ ወንበር የሚሠራ ክሊኒክ አቅም አይደለም።

ፋርማሲ ገብቶ «የጥርስ መድኃኒት» ብሎ አሞክሳሲሊን መግዛት ልማድ ሆኗል። የተቆጣ ነርቭን አሞክሳሲሊን አያድነውም። ማስታገሻ ህመሙን ያበርድላችኋል እንጂ ቀዳዳው እዚያው ነው፣ እየሰፋም ይሄዳል።

ነቀላ ከሆነ የመንግሥቱን እመርጣለሁ

የመንግሥት ጥርስ ክፍል ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች ከጠዋት እስከ ማታ ሲነቅሉ ነው የሚውሉት። እጃቸው ፈቷል። ማደንዘዣው ግል ቤትም የሚሰጠው ሊዶካይን ነው። ስሩ የተጣመመ ወይም ተጋድሞ የበቀለ የመጨረሻ መንጋጋ ከሆነ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታል ያለጥርጥር ይሻላል። ላቦራቶሪው እዚያው ነው። ደም አልቆም ቢል የሚጠራ ሌላ ሐኪም አለ።

ዋጋው ግን ጠዋቱ ነው። በጊዜ ተነስቶ ካርድ ክፍል መሰለፍ። ካርድ ከወጣ በኋላ ክፍያ መስኮት። ደረሰኝ ይዞ የጥርስ ክፍሉ በር ላይ መቀመጥ። አግዳሚው ላይ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የሸፈነች እናት አለች፣ ጉንጩ ያበጠ ተማሪ አለ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላል። ራጅ ከታዘዘ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና ሰልፍ፣ ከዚያ ራጁን ይዞ መመለስ። ቀኑ እኩለ ቀን ካለፈ «ነገ ተመለሱ» ሊባል ይችላል።

የከተማ ነዋሪ ይሄን ይችለዋል። ከዘጌ በጀልባ ለሚመጣ ቡና አምራች ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። የጀልባ፣ የባጃጅ፣ የምግብ፣ ቀኑ ካለፈበትም የአልጋ ያወጣል። ሥራውም ይቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ርካሹ ነቀላ ከግል ቤቱ ሊበልጥበት ይችላል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ቀጠሮውን ጠብቆ መምጣቱም አጠራጣሪ ነው። ከደሴትና ከሐይቁ ዳር የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የክሊኒኩን ክፍያ ከካርዱ ክፍያ ጋር ብቻ አታወዳድሩለት። መመላለሻውን በሙሉ ደምሩ። ቀላል ነቀላ ከሆነና ግል ቤት በአንድ ቀን የሚያልቅለት ከሆነ፣ ለእሱ ግል ቤት ሊሻለው ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ሰው ደግሞ በመንግሥት በኩል ትልቅ ጥቅም አለው። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አማራ ክልል ከአራቱ ክልሎች አንዱ ነበር። በመድህን ለመታከም መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፣ ሆስፒታል የምትሄዱት ከዚያ በሚጻፍ ሪፈር ነው። ብዙ ሰው ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ይሄድና ተመለስ ሲባል ይናደዳል። የመድህን ደብተሩ መታደሱንም ከቤት ሳትወጡ እዩ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን መድህኑ አይሸፍነውም።

ከተነቀለ በኋላ ያለው ጥንቃቄ የትም ብትነቀሉ አንድ ነው። የተነቀለበት ቦታ ላይ የሚደረግላችሁን የቁስል ጨርቅ (ጋዝ) ግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቃችሁ ንከሱ። በመጀመሪያው ቀን አትጉመጥመጡ፣ አታጭሱ፣ ጠላም አረቄም ይቅርባችሁ። ጉድጓዱን የሚጠብቀው የረጋ ደም ከወጣ አጥንቱ ይራቆታል። ህመሙ እየቀነሰ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ገደማ እንደገና ከባሰ ወደነቀለላችሁ ተመለሱ።

ጥርስ ማትረፍ ከሆነ ወረፋ አይመከርም

ሩት ካናል ለምን ውድ እንደሆነ ማወቅ ሂሳቡን ለመቀበልም ለመከራከርም ይረዳል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ነው ያለው። መንጋጋ ግን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቦይ አለው። እያንዳንዱ በቀጫጭን መሣሪያ ይጠረጋል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እስከ ጫፉ ይሞላል። በመሀል ራጅ ይነሳል። ከአንድ ቀን በላይ የሚመላለስ አለ። ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የጥርስ ክሊኒክ ሂሳብ የጨመረበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

በመንግሥት ቤት ሩት ካናል ሲገኝ ክፍያው በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ከመተዋችሁ በፊት ጠይቁ። ነገር ግን ዕቃ ሲያልቅ ወይም ወንበር ሲበላሽ ቀጠሮው ይራዘማል። ነርቩ የተነካ ጥርስ ይዞ ወራት መጠበቅ ማለት ብዙ ጊዜ ለነቀላ መጠበቅ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ሰው የሚያይ ባለሙያም ለአንድ መንጋጋ ረጅም ሰዓት ማዋል ይቸግረዋል። «ይነቀል» የሚለው ቃል የሚበዛው ለዚህ ነው። ባለሙያው ጥርሳችሁን ንቆት አይደለም። በሩ ላይ ጉንጩ ያበጠ ሌላ ሰው ስላለ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። የፊት ጥርስ ከሆነ ተበድራችሁም ቢሆን ግል ቤት ገብታችሁ አትርፉት። ቦዩ አንድ ስለሆነ ሂሳቡ ከመንጋጋ ያነሰ ነው። መንጋጋ ከሆነ ግን የሩት ካናሉን ዋጋ ብቻ ሰምታችሁ አትጀምሩ። ከላዩ የሚለበሰውን ሽፋን፣ ክራውን የሚሉትን፣ አንድ ላይ ደምራችሁ ጠይቁ። ነርቩ የወጣ፣ ተቦርቡሮ የሳሳ መንጋጋ እንደ ደረቀ ፍልጥ ነው። ቆሎ ስትቆረጥሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለክራውኑ የማይደረስ ከሆነ ገንዘቡን ለግማሽ ሥራ ከማፍሰስ መነቀሉ ይሻላል። ይሄን መስማት ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ለሩት ካናል ከፍሎ ከወራት በኋላ ያንኑ ጥርስ ከመንቀል ግን የተሻለ ነው።

በግል ቤት ብር በደንብ የሚሠራው ሙሌት ላይ ነው። ቀዝቃዛ ሲነካው ወጋ የሚያደርገው ጥርስ በአንድ ጉብኝት ይዘጋል። ከሩት ካናልና ክራውን ጋር ሲነጻጸር ክፍያው ኢምንት ነው። ለጥርስ በዓመት የምትመድቧት ትንሽ ብር ካለች ለዚህ አውሏት።

በተለይ ልጆች ላይ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። «ይወድቃል» ብሎ ሲበሳም ይተወዋል። አይወድቅም፣ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው። በባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ከአምስት ልጆች አንዱ ገደማ የተቦረቦረ ጥርስ እንዳለው አግኝቷል። ስለዚህ ከፍ ያለ መብራት ስር የልጃችሁን አፍ ከፍታችሁ የኋለኛውን መንጋጋ እዩት። ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ክረምት እስኪገባ አትጠብቁ።

የተነቀለውን መተካት ሌላ ጉዳይ ነው። የሚወልቅ ጥርስ ርካሹ ነው። ብሪጅ፣ ጎን ባሉት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚቆመው ጥርስ፣ ከዚያ ይወደዳል፣ እነዚያን ጤነኛ ጥርሶችም መሞረድ ይጠይቃል። ኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ የሚተከለው፣ ከሁሉም ውዱ ነው። ለመወሰን ጊዜ አላችሁ፣ ማንም አያጣድፋችሁ።

ሁለቱን በር አንድ ላይ መጠቀም

ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ አለ። ምርመራውንና ራጁን በመንግሥት ቤት ማሠራት፣ ከዚያ ግል ቤት የምትሄዱት ለአንዷ ሥራ ብቻ እንዲሆን ማድረግ። የመንግሥቱ ባለሙያ «ይሄኛው ይሞላል፣ ያኛው ይነቀላል» ካላችሁ ነቀላውን እዚያው አስጨርሱ፣ ሙሌቱን ግል ውሰዱት። ራጁንም ይዛችሁ ሂዱ። ግል ቤት ገብታችሁ «አፍህ በሙሉ ይሠራ» ከተባላችሁም በእጃችሁ ሌላ አስተያየት አለ።

ክሊኒክ ስትመርጡ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ የሚጠየቅ አለ። የምርመራ ክፍያው ከህክምናው ሂሳብ ይቀነሳል ወይ? ራጅ እዚያው አለ ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አላችሁ ወይ? የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ነርቩ ተከፍቶ መብራት ቢሄድ ወንበሩ ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ። አንድ ሥራ በአንድ ከተማ ውስጥ የተለያየ ዋጋ ይጠራበታል።

ከገባችሁ በኋላ ደግሞ መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ፊታችሁ ላይ ሲከፈት እዩ። በእንፋሎት፣ ቢያንስ በ121 ዲግሪ፣ ያልተቀቀለ መሣሪያ ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። «አልኮል ነክረነዋል» የሚባል መልስ ከሰማችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ለመጠየቅ አትፈሩ፣ ንጹህ የሚሠራ ባለሙያ በጥያቄው አይከፋም።

ሂሳቡን በቃል አትቀበሉ። የትኛው ጥርስ፣ ምን ሥራ፣ ስንት ጉብኝት፣ ክራውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን በወረቀት አጽፉ። ሙሌቱ በአጭር ጊዜ ቢወድቅ ያለ ክፍያ ይሠራ እንደሆነም እዚያው ላይ ይስፈር። ከአንድ ጉብኝት በላይ የሚወስድ ሥራ ከሆነ ክፍያው በየጉብኝቱ እንዲሆን ጠይቁ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።