በፊደል የእንግሊዝኛ ቃል የሚፈልግ አፕ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሰባት ፊደል ትሰጡታላችሁ፤ ከእነሱ የሚወጡትን የእንግሊዝኛ ቃላት በሙሉ ይደረድርላችኋል። አፑ ይኼው ነው። ስሙን አልጠራም። እንዲህ ያሉ አፖች ብዙ ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ዓይነት ስለሆነ የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል። መጀመሪያ በነፃ ነበር የምጠቀመው። ማስታወቂያው ሲያንገሸግሸኝ መክፈል ጀመርኩ።

ያወረድኩት ለስክራብል ነው፤ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ከከረጢት እያወጡ ሰሌዳ ላይ ቃል ለሚሠሩበት ጨዋታ። ልጄ እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች በእንግሊዝኛ አትቻልም። እኔ ቃል በደብተር እየጻፍኩ የሸመደድኩ ሰው ነኝ። የማውቃቸው ቃላት ጥቂት አይደሉም። ግን ፊደሎቹ ተዘበራርቀው ፊቴ ሲቀመጡ ቃሉ አይታየኝም። “አባዬ፣ ተራህ እኮ ነው” ትለኛለች፤ እኔም ሦስት ፊደል ያላት ምስኪን ቃል አስቀምጬ እገላገላለሁ።

ቤታችን ውስጥ ጨዋታ ላይ አፑን መክፈት ክልክል ነው። ማጭበርበር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ምንም አያስተምርም። አፑ ነግሮኝ ያስቀመጥኩት ቃል በማግሥቱ ከጭንቅላቴ ይጠፋል። የሚጠቅመው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። የከበደኝን ድርድር ፎቶ አነሳለሁ፤ ቡና ሲፈላ ቁጭ ብዬ ወደ አፑ አስገባለሁ። አንድ ቀን ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ደርሰውኝ ነበር። ሰባቱንም በአንድ ተራ የጨረሰ ሰው 50 ነጥብ ጉርሻ አለው። እኔ “ትሬይን” ብዬ አለፍኩ። አፑ በኋላ ሪቴይንስ፣ ሬቲናስ፣ ናስቲየር፣ ስቴይነር እያለ ዘረገፈልኝ። ስለተቆጨሁ ነው መሰለኝ እነዚያን ፊደላት አሁን አልረሳቸውም። እንዲያውም የስክራብል ተወዳዳሪዎች በተለይ የሚያጠኑት እንዲህ ያለውን ስብስብ ነው።

እንዴት እንዲህ እንደሚፈጥን ይገርመኝ ነበር። ዘዴው የታወቀና ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቃል ፊደሎቹ በኤቢሲዲ ተራ ይደረደሩና ያ ድርድር መለያው ይሆናል። ስቶፕ፣ ስፖት፣ ፖስት፣ ቶፕስ፣ ፖትስ፣ ኦፕትስ ሁሉም “ኦ፣ ፒ፣ ኤስ፣ ቲ” ይሆናሉ። የእናንተም ፊደላት በዚያው መልክ ይደረደራሉ፤ ከዚያ ማመሳሰል ብቻ ነው የሚቀረው።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በፍለጋው ዓይነት ነው። ሲ፣ ኤ፣ ቲ አስገቡ እንበል። “ከእነዚህ ብቻ የተሠራ” ካላችሁ አክት ይመጣል። “እነዚህ ያሉበት” ካላችሁ ቻትና ትራክ ይጨመራሉ። “ተከታትለው ያሉበት” ካላችሁ ደግሞ ኢዱኬትና ቫኬሽን ይገኛሉ፤ አጻጻፋቸውን ልብ ብላችሁ እዩት። ለስክራብል የመጀመሪያው ይበቃል። አምስት ፊደል ያለው ድብቅ ቃል ለሚገመትበት ለዎርድል ሁለተኛው ይሻላል፤ በተለይ ቢጫዎቹን (ቃሉ ውስጥ ያሉ ግን ቦታቸውን የሳቱትን) ይዞ ግራጫዎቹን (የሌሉበትን) የሚያስወጣ ማጣሪያ ካለው። ይኼኛው አፕ ሦስቱንም በአንድ ገጽ አጭቆ፣ ልዩነታቸውን የሚያስረዳ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን የቃል ዝርዝሩ ላይ ነው። አሜሪካና ካናዳ የራሳቸው የስክራብል ዝርዝር አላቸው፤ ከ190 ሺህ በላይ ቃላት ይዟል። ብሪታንያን ጨምሮ ሌላው ዓለም በአብዛኛው የሚጫወተው ኮሊንስ በሚባለው ዝርዝር ነው፤ እሱ ከ270 ሺህ ያልፋል። አፑ ሳይጠይቀኝ ኮሊንስን መርጦ ኖሯል። ሲና ኤች ሁለቱ ብቻ ተጣምረው ቃል ይሆናሉ ሲለኝ ልጄ ሳቀች። “አባዬ፣ ይሄ የት አገር ነው የሚሠራው?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አይሠራም። መቀየሪያው ማስተካከያው ውስጥ ሦስት ገጽ ዘልቆ ተደብቋል።

በጨረፍታ ያስደሰተኝም አለ። ኪው ያለ ዩ ሲደርሳችሁ ከሚያድኑ ቃላት አንዱ የኛው ጫት ነው፤ በኪው፣ ኤ፣ ቲ ተጽፎ ያለ ምንም ጉርሻ 12 ነጥብ ያወጣል። ጤፍም ብርም ተቀባይነት አላቸው። ብር ሲበዛ ደግሞ የኛን “ኦች” ተከትሎ በስምንት ፊደል ይጻፋል። ልጄን በዚያ ቃል ለማሸነፍ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ጓደኞቼ ለአማርኛስ ለምን የለም ይሉኛል። በእንግሊዝኛው ከረጢት ውስጥ 100 ጠጠር አለ፤ የ“ኢ” ብቻ 12 ናቸው። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። አንድ አንድ እንኳ ብናደርግ ከረጢቱ አይበቃም። ፀሐይ በየትኛው “ጸ” ነው የሚለው ክርክር ሲጨመርበትማ ቡናው ይበርዳል። ተነባቢውን በአንድ ጠጠር፣ አናባቢውን በሌላ አድርጎ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ግን እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይኼ ደስ ይላል። የፈለጋችሁትን ፊደል የሚተኩትን ሁለቱንም ባዶ ጠጠሮች ስታስገቡ ግን ውጤቱ መዓት ስለሆነ ስልኬ ይንቀረፈፋል። የቃል ትርጉም አይሰጥም፤ ለዚህ ሌላ መዝገበ ቃላት መክፈት ግድ ነው። ከፍሎ ለሚጠቀም ሰው ይኼ ያናድዳል።

መክፈል ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በነፃው ሞክሩት። ሲ እና ኤች አስገቡ፤ ከተቀበለ ኮሊንስ ላይ ናችሁ። ወደ አሜሪካው ዝርዝር ቀይሩና ኦ እና ኬ አስገቡ። ኦኬ እዚህ የተፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ቃል አይደለችም ካላችሁ ዝርዝሩ ያረጀ ነውና ገንዘባችሁን አታውጡ።