ለልደት «የስፖርት ፓኬጅ» ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ለአዳማ ወላጆች

ባለፈው ጥር የልጄን 7ኛ ዓመት ልደት በጓሯችን በትንሽ የእግር ኳስ ውድድር መልክ ለማክበር አስቤ፣ «የስፖርት ፓኬጅ» ከሚያከራይ አንድ የልደት አዘጋጅ ጋር ተስማማሁ። ጉዳዩን በማመልከቻ ስላቀረብኩ የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ ሆኖም ተመሳሳይ ፓኬጅ በከተማችን በየሳምንቱ ስለሚከራይ የደረሰብኝን ሳልናገር መቆየት አልፈለግኩም።

ስምምነታችን የቃል ብቻ ነበር። በ18,000 ብር መረብ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ጎሎች፣ በቀይና በቢጫ 14 የልጆች ማሊያ፣ ሜዳልያዎች፣ ጨዋታውን የሚመራ ዳኛ እና አንድ ጃምፒንግ (በሞተር አየር የሚነፋ የልጆች መዝለያ) ሊመጣልን ተነጋግረን፣ 9,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። በዕለቱ ሁለት ወጣቶች አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው ሲደርሱ ጎሎቹ መረብ አልነበራቸውም፣ ዳኛው ቀርቷል፣ ማሊያው 9 ብቻ ሲሆን ከዚያም አራቱ የአዋቂ ልክ ነበሩ። አንዷ ሕፃን ማሊያው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ስለወረደባት እናቷ በራሷ ሻሽ ወገቧ ላይ አሰረችላት። ልጆች ኳስ ካገኙ የጎደለውን አይቆጥሩምና ይህን ሁሉ በትዕግሥት ማለፍ ይቻል ነበር።

ማለፍ ያልቻልኩት የጃምፒንጉን ነገር ነው። ዙሪያውን ስድስት የማሰሪያ ቀለበቶች ነበሩት፤ ወጣቶቹ ግን አንዱን ገመድ ከማንጎው ግንድ፣ ሌላውን ከአጥሩ ብረት አስረው በቀሩት ማዕዘኖች ላይ ድንጋይ ጫኑባቸው። ካስማው የት እንዳለ ስጠይቅ፣ «እህቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናስረው፤ ምንም ሆኖ አያውቅም» አለኝ አንደኛው። እንግዶች ስለነበሩ ክርክሩን ተውኩት፤ መተው አልነበረብኝም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ንፋሱ ሲነሳ ድንጋዩ ተንከባለለና አንዱ ማዕዘን አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ተነሣ፤ ውስጥ የነበሩት አራት ልጆችም ተንሸራተው በአንድ ጎን ተከመሩ። ከጎረቤቶቼ ጋር ተረባርበን ልጆቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው፤ ከዚያም ሞተሩን አጠፋነው። አንድም ልጅ ባለመጎዳቱ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

የአዳማን ንፋስ ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በምክንያት ነው። በበጋ በየሜዳው የሚሽከረከረውን የአቧራ አዙሪትም ሁላችንም እናውቀዋለን። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ በአንድ ትምህርት ቤት ጃምፒንጉን ከነልጆቹ አንሥቶ የስድስት ሕፃናትን ሕይወት የቀጠፈው እንዲህ ያለ አዙሪት ነበር። በእንግሊዝ አገር በሥራ ላይ ያለው የደኅንነት መመሪያ ቢያንስ ስድስት ማሰሪያዎች እንዲኖሩ፣ ካስማዎቹም ወደ 38 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ ንፋሱ በሰዓት ከ38 ኪሎ ሜትር ካለፈም ጃምፒንጉ ጨርሶ አገልግሎት እንዳይሰጥ ይከለክላል። ድንጋይ ካስማን አይተካም። አከራዩ ካስማ ካላመጣ፣ ወይም ግቢያችሁ ሲሚንቶ ሆኖ ካስማ የማይገባው ከሆነና ሌላ አስተማማኝ ማሰሪያ ካላዘጋጀ፣ ጃምፒንጉ ቢቀር ይሻላል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ኳስና ሁለት ጎል ይበቃዋል።

በማግሥቱ ቀብዴን እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ መልሳቸው «ቀብድ አይመለስም» የሚል ብቻ ነበር። ይህ አባባል በየቦታው ስለሚነገር ብዙዎቻችን እንደ ሕግ እንቀበለዋለን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብዱን የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። እኔ ውሉን አላፈረስኩም፤ ቃላቸውን ያጎደሉት እነርሱ ናቸው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሚሆንም በቁጥር 1883 ተደንግጓል፤ ስለዚህ የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ።

ከመክፈላችሁ በፊት የማሊያውን ብዛትና ልክ፣ የመረቡን ነገር፣ የሚደርሱበትን ሰዓት፣ የካስማውን ቁጥር እና ንፋስ ከተነሣ ጃምፒንጉ እንደሚቆም በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ አስፈርሟቸው። ፎቶ አይታችሁ አትስማሙ፤ ለእኔ የተላከልኝ ፎቶ የሌላ ዕቃ ነበር። ቀሪውን ገንዘብም ዕቃው ተራግፎ፣ ተቆጥሮና በትክክል ታስሮ ሳታዩ አትክፈሉ። እኔ ቀሪውን 9,000 ብር አልከፈልኩም፤ የቀብዱም ጉዳይ ውሳኔ ሲያገኝ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።