ከከሰል ማውጫ በታች ያለ ወንዝን ለመለካት የቱ ይገዛ? እስክሪብቶው፣ የእጅ ሜትሩ፣ ላብራቶሪው ወይስ መዝጋቢው

ከጎንደር በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚደርሱበት ጭልጋ ከመሬቱ በታች የድንጋይ ከሰል እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል። ከሰል ሲቆፈር ደግሞ ከታች ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬም፣ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘው ተማሪም የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ወንዙ ላይ የሟሟ ጨው ጨምሯል ወይስ አልጨመረም? ይህን ለማወቅ ብር የሚያወጣ ሰው አራት አማራጭ አለው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ነገር ይታወቅ። ከሰሉና በዙሪያው ያለው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ይይዛሉ። እንደተቀበረ ቢቆይ ችግር የለውም፤ ተቆፍሮ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን ሰልፌት፣ ብረትና አሲድ ይለቃል፤ አሲዱም ድንጋዩን እየበላ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያወጣል። ይህ በዓይን አይታይም። እንዲያውም በነሐሴ የደፈረሰው ወንዝ ዝናቡ ስለሚያቀጥነው የሟሟ ጨዉ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በየካቲት ኩልል ብሎ የሚወርደው ነው የሚበልጠው።

ርካሹ ቲዲኤስ (በውሃ ውስጥ የሟሟ ጠጣር ጠቅላላ መጠን) መለኪያ የሚባለው እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ ነው፤ የውሃ ማጣሪያ ሻጮች ብርጭቆ ውስጥ እየነከሩ ገዢ የሚያስደነግጡበት። እስክሪብቶው ጨው አይመዝንም። ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ይለካና ቁጥሩን በአንድ ማባዣ አባዝቶ ያሳያል። አንዱ አምራች በ0.5 ያባዛል፣ ሌላው በ0.7። አስተላላፊነቱ 400 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር የሆነ ውሃ በመጀመሪያው 200፣ በሁለተኛው 280 ሚሊ ግራም በሊትር ይላል። ከማውጫው በላይ በአንዱ፣ ከታች በሌላው የለካ ሰው ማዕድን አውጪው ያልጨመረውን 80 ሚሊ ግራም በሊትር ራሱ ጨመረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰልፌት የበዛበት ውሃ ማባዣው ከ0.7ም ሊያልፍ ስለሚችል፣ 0.5 የተሞላለት እስክሪብቶ የከሰል ውሃን አሳንሶ ያሳያል። ለቤት ውሃ ይበቃል፤ ከማዕድን አውጪ ጋር ለሚደረግ ክርክር ግን አልመክርም።

የእጅ ኢሲ (የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት) ሜትር ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ብሩን የሚያስቆጭ አይደለም። ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሳይባዛ በማይክሮ ሲመንስ ያሳያል? ንባቡን ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ራሱ ያስተካክላል? አስተላላፊነቱ በታወቀ ፈሳሽ ይስተካከላል? ሁለተኛው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አስተላላፊነት ግን በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ይለወጣል። የሙቀት ማስተካከያ የሌለው ሜትር ጠዋት በ14 ዲግሪ፣ ቀትር ላይ በ24 ዲግሪ ያንኑ ውሃ ቢለካ ልዩነቱ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የማስተካከያ ፈሳሹ ከሜትሩ ይልቅ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ጥሩ ሚዛን ያለው የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ጋ ሄደው 0.7456 ግራም የደረቀ ፖታሲየም ክሎራይድ በተጣራ ውሃ አሟሙተው ልክ 1 ሊትር እንዲሞሉልዎት ይጠይቁ፤ በ25 ዲግሪ 1413 ማይክሮ ሲመንስ ይሰጣል።

ላብራቶሪው ብቻ ነው በእርግጥ የሚመዝነው። ውሃውን በመስታወት ቃጫ ማጣሪያ ያሳልፋል፣ ያተነዋል፣ ቅሪቱን በ180 ዲግሪ አድርቆ ይመዝናል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ቁጥር ካስፈለገ መንገዱ ይኸው ነው። ጉድለቱ በየናሙናው መከፈሉና ናሙናው የተቀዳበትን ሰዓት ብቻ መናገሩ ነው። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፦ ለብረት ምርመራ አሲድ የተጨመረበትን ጠርሙስ ለቲዲኤስ አይስጡ፤ አሲዱም አብሮ ይቆጠራል። ለየብቻ ጠርሙስ ይቅዱ፣ ይህኛውንም ወዲያው በረዶ ውስጥ ያስገቡት።

ወንዝ ውስጥ ተቀምጦ ሌት ተቀን የሚመዘግበው መሣሪያ ሌሎቹ የማይችሉትን ያደርጋል። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የቁፋሮ ክምር ላይ የተከማቸውን ጨው አጥቦ ሲያወርድ፣ ያን የጥቂት ሰዓት ፍሰት ይይዘዋል። ነገር ግን የሐምሌ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ደለል ይቀብረዋል፣ ብርቱካናማው የብረት ዝቃጭ ዳሳሹን ይሸፍነዋል። የሚያጸዳና የሚጠብቅ ሰው ካልተቀጠረ መግዛቱ ብር መጣል ነው።

የእኔ ምርጫ አንድ የእጅ ሜትርና ጥቂት ጥንድ የላብራቶሪ ናሙናዎች ነው። ከማውጫው በላይና በታች በአንድ ቀን ይቀዳል፣ በአንድ ሜትር ይለካል፣ የላብራቶሪው ውጤት ለሜትሩ ንባብ ይካፈልና የወንዙ የራሱ ማባዣ ይገኛል። በላይና በታች ግን ማባዣው ለየብቻ ይውጣ፤ የጭልጋ አካባቢ ባዛልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ ከላይ የሚመጣው ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል ተብሎ ይጠበቃል፣ ከታች ደግሞ ሰልፌት ይጨመርበታል። የወንዙን ፍሰትም መገመት አይርሱ፦ በሰከንድ 20 ሊትር የሚወርድ ወንዝ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ቢጨመርበት በቀን 518 ኪሎ ግራም ጨው ተሸከመ ማለት ነው።

የተገኘውን ቁጥር ከምን ጋር ያነጻጽሩታል? የዓለም ጤና ድርጅት የሟሟ ጨዉ ከ600 ሚሊ ግራም በሊትር በታች የሆነ ውሃ ለመጠጥ ጣዕሙ ጥሩ እንደሆነ፣ ከ1000 በላይ ግን ጣዕሙ በእጅጉ እየከፋ እንደሚሄድ ይገልጻል። ለወንዝ ነፍሳት ይህ ልኬት አይሠራም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 ለአፓላቺያ ተራሮች ጅረቶች ያወጣው ማመሳከሪያ 300 ማይክሮ ሲመንስ ነበር፤ እሱም ለዚያ ተራራ ድንጋይ የወጣ ስለሆነ፣ ጭልጋ ላይ ከማውጫው በላይ ያለው ንባብ የበለጠ የታመነ መነሻ ነው።