ስሙን የማልጠራው መጠለያ

እዚሁ ጎንደር ስላለ አንድ የሴቶች መጠለያ ልጽፍ ነው። ስሙንና ሰፈሩን ግን አልናገርም። አድራሻው በየሰዉ አፍ ከገባ መጠለያነቱ ያበቃል።

የምኖረው ማራኪ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ተከራይታ ነበር። ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ትንሿን አዝላ ትልቁን በእጇ ይዛ በሬን አንኳኳች። ባዶ እግሯን ናት፤ ከንፈሯ አብጧል። «እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ» አለችኝ። ፍራሽ አነጠፍኩላቸው።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ደብዳቤ ተጻፈልን። መጠለያው ስንደውል «ሞልቷል» ተባልን። መሙላቱን አልተቀየምኩም። የቆረቆረኝ ስሟን፣ የልጆቿን ብዛት፣ መልሶ የሚደወልበትን ስልክ የጠየቀን አለመኖሩ ነው። ሌላ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። በየጊዜው እንደ አዲስ ከመጀመሪያው መተረክ ነበረብኝ። እኔ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ያልተጻፈ ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል።

አስራ አንድ ሌሊት እኔ ጋ አደሩ። መሃል ላይ ሽማግሌዎች መጡ። «ትዳር እኮ ነው፣ ለልጆችሽ ስትይ» አሏት። ምንም ሳትመልስ ቡና አፈላችላቸው። በአስራ ሁለተኛው ቀን ለአራተኛ ጊዜ ስደውል «አንዲት ወጥታለች፣ ቶሎ ኑ» አሉኝ።

ከበሩ ወዲያ ያለው አገልግሎት በጣም ጥሩ ነው። የተቀበለችን ሶሻል ወርከር ከደብዳቤው በፊት የጠየቀችው «በልታችኋል?» ብላ ነው። ሽሮና ትኩስ እንጀራ መጣ። ሳሙና፣ ፎጣና ለሕፃኗ ቅያሪ ልብስ ተሰጣቸው። እኔን ከእንግዳ ክፍሉ አላሳለፉኝም፤ ልክ ናቸው። በሳምንቱ ሐኪም እንዳያት፣ ጠበቃም እንዳነጋገራት በስልክ ነገረችኝ። ድምፅዋ ተመልሶላታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች 34 በመቶው ከባል ጥቃት እንደደረሰባቸው ይናገራል፤ ዱላውም፣ ስድቡም፣ ማስገደዱም ተቆጥሮ። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። የፈለጉትም ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ጎረቤትና ዘመድ ጋ ነው። ጎረቤት ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ፤ የኔ ፍራሽ ነው። መጠለያው ስንት አልጋ እንደሚያስፈልገው የሚገመተው ግን ገብቶ ባደረው ሰው ብቻ ከሆነ፣ በዚያ መዝገብ የኛ አስራ አንድ ሌሊት የለም። ሦስቱ «ሞልቷል»ም የሉም። በጀት ሲጠየቅ ደግሞ የሚቀርበው ያው መዝገብ ነው።

የመጠለያው ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ደብተር ስልኩ አጠገብ አኑሩ። የደወለችው ማን ናት፣ ከስንት ልጅ ጋር፣ ለምን አልገባችም፣ ዛሬ የት ታድራለች? ይህንን ጻፉ። በሁለተኛው ቀንም እናንተው ደውሉላት።

ትልቁ ልጅ አልገባም። 13 ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ወንድ አይቀበሉም። ለሌሎቹ ሴቶች ሰላም ሲሉ እንደሆነ ይገባኛል። እሱንም ግን የት እንደሚያድር የጠየቀ አልነበረም። እስካሁን እኔ ጋ ነው። ማታ የቤት ሥራውን ሲጨርስ ተነስቶ በሩን ይቆልፋል። ከዚያ እንደገና ተመልሶ ያየዋል።