ጡቤን ለቆረጠልኝ የደብረ ማርቆስ ሐውልት ሠሪ

ቅዳሜ ዕለት ከጓሮዬ ምድጃ የመጀመሪያው ድፎ ዳቦ ወጣ። ኮባው ዳር ዳሩን ብቻ ጠቁሯል። ዳቦው ከላይም ከታችም እኩል በስሏል። እናቴ ቆረሰችና አሸተተችው። «ይሄስ የልጅነቴ ዳቦ ነው» አለች። ያን ዳቦ እየበላን ስናነሳው የዋልነው አንድ ሰው ነው። ዳቦ ጋጋሪ አይደለም፣ ግንበኛም አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሐውልትና እብነ በረድ የሚቆርጥ ባለሙያ ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እሰጣለሁ፤ እሱን ፈቅዶልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ዳቦው ግማሽ ላይ ሲደርስ እየጠፋ ሦስት ጊዜ ሊጥ ከተበላሸብኝ በኋላ በእንጨት የሚሠራ ምድጃ በጓሮ ለመሥራት ወሰንኩ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ሥዕሉን እሱ አወጣው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር 80 ሳንቲ ሜትር። የጉልላቱ ከፍታ 43፣ የበሩ ከፍታ 27። በሩ ከጉልላቱ 63 በመቶ ገደማ ሲሆን ጭሱ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ውስጥ ይቀራል። እሳት የሚችል ጡብ 110 ከአዲስ አበባ አስመጣን። አይሱዙ ላይ ተጭኖ የአባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ 4ቱ ተሰበሩ። ያኔ አዘንኩባቸው፤ በኋላ ግን እነዚያ አራቱ ትልቅ ጥቅም ሰጡን።

ጡቡ ሙሉውን አይገባም። ጉልላት የሚሠራው በግማሽ ጡብ ነው፤ ወደ 130 ግማሽ ያስፈልጋል። የላይኞቹ ዙሮች ደግሞ እየጠበቡ ስለሚሄዱ ጡቡ ጎንና ጎኑ እንደ ሽብልቅ መሳል አለበት። ካልተሳለ በጡብና በጡብ መካከል ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል፣ ክፍተቱን በጭቃ ብትሞሉትም ከእሳት ብዛት ውሎ አድሮ ይረግፋል። ስለዚህ ጥያቄው በምን እንቁረጠው ሆነ።

መጀመሪያ አንድ የዕቃ መደብር ሄድን። ሻጩ ትንሽ ግራይንደር፣ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ማለት ነው፣ ከዲስክ ጋር ሰጠንና «ይሄ ሁሉንም ይቆርጣል» አለን። ዲስኩ ለካ የብረት መቁረጫ ነው። ሦስተኛው ጡብ ላይ አልቆ የብርጭቆ ክዳን አከለ። ቤታችን በአቧራ ተሞላ፤ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ቀላ። ሌላ ቦታ ደግሞ ባለ ጥርስ የእንጨት መቁረጫ ዲስክ ግራይንደሩ ላይ ግጠሙ ብለው ሊሸጡልን ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ልጄ እምቢ አለ። ያ ጥርስ ጡብ ላይ ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ ተስፈንጥሮ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። እባካችሁ ማንም ይህን እንዳይሞክር።

ትልቁን ባለ 9 ኢንች ግራይንደር ልገዛ ብሩን ቆጥሬ ይዣለሁ። ጎረቤቴ ያለ አንድ ግንበኛ «እትዬ፣ ጡብና ድንጋይ የሚያውቁት ሐውልት ሠሪዎች ናቸው፣ እነሱን ጠይቂ» አለኝ። በማግሥቱ አንድ ሙሉ ጡብ በዘንቢል ይዤ ሄድኩ።

ሰውየው ወጣት ነው፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ። እጁ እስከ ክንዱ በነጭ ጭቃ ተለውሷል። ጡቡን ተቀበለኝና ምንም ሳይናገር በጣቱ ቋ ቋ አደረገው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማው። ከዚያ ከባልዲው በእጁ ውሃ ዘግኖ አፈሰሰበት። ውሃው ወዲያው ወደ ውስጥ ጠፋ። «ይጠጣል» አለ። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ጡብ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚቆርጡት?» አለኝ።

«አንዴ ብቻ ነው፣ ለቤቴ ምድጃ።»

«ታዲያ ለአንድ ጊዜ ሥራ ማሽን ለምን ይገዛሉ?»

ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። የእኔ ጡብ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ አይሞላም። ባለ 4 ኢንች ተኩሉ ትንሽ ግራይንደር የሚገባው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሁለት ወገን መቁረጥ ይጠይቃል፣ ሁለቱ መስመሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ባለ 7ቱ ወደ 5 ይገባል። ባለ 9ኙ ጡቡን በአንዴ ሊበጥሰው ይደርሳል፤ ግን ከባድ ነው፣ ልምድ የሌለው እጅ አይችለውም፣ ሽብልቅ ለመሳል ደግሞ ጭራሽ አይመችም። የእሱ ማሽን ጠረጴዛ ያለው ነው። ትልቁ ዲስክ ከላይ ይዞራል፣ ውሃ እየፈሰሰበት፤ ጡቡ ከሥር በሚንሸራተት ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ወደ ዲስኩ ይገፋል። እጅ ማሽኑን አይሸከምም። ማዕዘኑም አንዴ ከተያዘ አይለወጥም።

ስለ ዲስኩም የነገረኝን ልጻፈው፣ ለሌላው ይጠቅማል። ለጡብ የሚሆነው የዳይመንድ (የአልማዝ) ዲስክ ነው። ጠርዙ ሙሉ የሆነው ለሴራሚክ ነው፤ ንጹሕ ይቆርጣል፣ ግን ቀስ ይላል። ጠርዙ የተከፋፈለው ለጡብና ለብሎኬት ነው፤ ክፍተቱ ዲስኩን ያቀዘቅዘዋል፣ ዱቄቱንም ያስወጣል። ዳይመንድ እንደ መጋዝ ጥርስ የለውም፣ የሚፍቅ ነው። ሥራችን መሃል ላይ ዲስኩ መቁረጥ ሲያቅተው እኔ አልቋል ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ሻካራ የብሎኬት ስባሪ አንሥቶ አራት አምስት ጊዜ አሳለፈበት፣ እንደ አዲስ መቁረጥ ጀመረ። ዳይመንዱን የያዘው ብረት ሲያብረቀርቅ ስለቱ ይሸፈናል፤ ሻካራ ነገር ብረቱን ሲበላው አዲሱ ዳይመንድ ብቅ ይላል። ይህን ሳያውቅ ደህና ዲስክ የጣለ ስንት ሰው አለ!

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ይህ ሰው 130ውንም ግማሽ ቆርጦ ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የምከፍለው። እሱ ግን ሥዕሉን ከልጄ ተቀብሎ አየና በእርሳስ ምልክት እያደረገ ይቆጥር ጀመር። «ከእነዚህ መጋዝ የሚፈልገው ወደ 60 ነው» አለ። «የላይኞቹ ዙሮችና የበሩ ቅስት። የቀረው በመሮ ይገመሳል። ለሚገመስ ጡብ ለእኔ አትክፈሉ።»

በመሮ? እኔ የማውቀው መሮ ሲያርፍበት ጡብ እንደሚደቅ ነው። ልጄን ጠርቶ አሳየው። ከተሰበሩት አራት ጡቦች አንዱን አሸዋ ላይ አጋደመ። ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) አድርጎ በአራቱም ጎን በእርሳስ መስመር አሠመረ። አፈ ሰፊውን መሮ መስመሩ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመና በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ። ጡቡን አዞረው፣ መታ። አዞረው፣ መታ። ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፁ ተለወጠ፤ ከጥርት ያለ ቃና ወደ ደነዝ ድምፅ ወረደ። «ሰማህ? ውስጡ ተለያይቷል» አለው ልጄን። አንዴ ጠንከር አድርጎ ሲመታው ለሁለት ተከፈለ። የተሰበረው ፊት ሻካራ ነው፣ ግን ምንም አይደለም። ሻካራው ወደ ውጭ ዞሮ በሽፋኑ ውስጥ ይቀበራል፤ ወደ እሳቱ የሚያየው ከፋብሪካ የወጣው ለስላሳው ጫፍ ነው። ልጄ በቀሩት ስባሪዎች ሲለማመድ ሁለት አበላሸ፣ ከዚያ እጁ ገባ። ቤት ተመልሶ በሁለት ቀን ገምሶ ጨረሰው።

አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮናል። «በደረቅ አትቁረጡ» አለን። አባቱ ድንጋይ ቆራጭ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደረቅ ሲቆርጡ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው። በመጨረሻ ሦስት ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ተቀምጠው ነው ያረፉት። ይህን ሲነግረን ማሽኑን አጥፍቶ ነበር። የጡብና የድንጋይ ዱቄት ውስጥ ሲሊካ የሚባል፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን አለ፤ ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ሳንባውን በጠባሳ ያደርቀዋል፣ የተጎዳው ሳንባ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ጨርቅና ተራ ማስክ አያስቆመውም። የግድ ጥቂት ጡብ በግራይንደር መቁረጥ ካለባችሁ ሜዳ ላይ ይሁን፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ኤን 95 ማስክና መነጽር አድርጋችሁ፣ ልጆች አርቃችሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እያፈሰሳችሁ በእጅ ግራይንደር ልቁረጥ ማለት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። የእጅ ግራይንደር ለውሃ አልተሠራም፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የእሱ ማሽን ለውሃ የተሠራ ነው፣ የምድር ሽቦውንም ራሱ በየሳምንቱ ይፈትሻል።

ስድሳውን ለመሳል ሦስት ቀን ፈጀ። ልጄ ለእያንዳንዱ ዙር ከጣውላ መለኪያ ሠርቶ ሰጠው፣ እሱም ያንን ሰሌዳው ላይ አሥሮ ቆረጠ። የእያንዳንዱን ዙር ጡብ ቁጥር ጽፎ ለየብቻ ደረደረ። ሁለተኛው ቀን ማታ ደወለልኝ። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። መለኪያው ተንሸራቶብኝ ስድስቱ ከልክ በላይ ጠበዋል» አለ። እኔ ዝም ቢለኝ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ከልጄ ጋር ተቀምጠው ሲያዩት ስድስቱም ከዚያ ዙር ቀጥሎ ከላይ ላለው ዙር ልክ ሆኑ፣ አንድም ጡብ አልባከነም። እሱ ግን የስድስቱን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ቀነሰው። ጠቅላላ የከፈልኩት ለግራይንደሩ ይዤው ከነበረው ብር ሩቡን አይሞላም።

ሲያስረክበን ደግሞ ይህን ጨመረ፤ «ውሃ ጠጥቷል፣ አትቸኩሉ።» እኛም ጡቡን ከጥላ ሥር አደረቅን፣ ገነባን፣ ከተገነባ በኋላም ሁለት ሳምንት ተውነው። ከዚያ ለሰባት ቀን ትንሽ ትንሽ እሳት፣ መጀመሪያ ጭራሮ ብቻ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ የባሕር ዛፍ ፍልጥ። ውስጡ የቀረ ውሃ በአንዴ ሲፈላ ጡቡንም ማያያዣውንም ይሰነጥቀዋልና ነው። ስምንተኛው ቀን ላይ ሙሉ እሳት አነደድን። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲነድ የጠቆረው ጉልላት ጥቀርሻው ተቃጥሎለት መልሶ ነጣ። ያኔ ፍሙን ጠርገን ሊጡን አስገባን። ጉልላቱን በባትሪ አይቼዋለሁ፤ አንድ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ በበሩ ቅስት ላይ አለ፣ ሌላው ደህና ነው።

የዳቦ ምድጃ፣ የጭስ ማውጫ፣ የማዕድ ቤት ግራናይት፣ የደረጃ ድንጋይ ማስቆረጥ የምትፈልጉ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ከአማኑኤልም ከደጀንም ከሉማሜም ብትመጡ መንገዱ አያስቆጭም። እውነቱን ልናገር፣ ፈጣን አይደለም። መብራት ከሌለ ሥራ የለም። ለሙት ዓመት የሚደርስ ሐውልት ከያዘ ደግሞ የእናንተን ወደ ኋላ ያደርገዋል፣ አስቀድሞም ይነግራችኋል። እኔ በዚህ አልከፋም፤ የቀብር ነገር ቀን አለው። ስትሄዱ አንድ ሙሉ ጡብ ለናሙና ያዙ። የምትፈልጉትን ልክ በወረቀት ሳይሆን በጣውላ ወይም በካርቶን ቆርጣችሁ ውሰዱ። ትርፍ ጡብም አትርሱ፣ ከመቶ አሥር ያህል።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ አባትህን ነፍስ ይማርልን። ልጄ ማስክ ሳያደርግ መሮ እንኳ አያነሣም አሁን። ለነገ ሊጡ ተቦክቷል፤ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ትኩሱን ይዞልህ ይመጣል።