ደሴ ፒያሳ ላለችው ተርጓሚ እህታችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ የወሎ ልጆች። ትናንት ማታ ከኒውዮርክ የጠበቆች ፈተና ቦርድ መልስ መጣልኝ። የትምህርትና የሙያ ማስረጃዬን ተቀብለውታል። አልሐምዱሊላህ ልበል ወይስ ተመስገን? እኛ ቤት ሁለቱም ይባላል። ከፈጣሪ ቀጥሎ ግን አንዲት ሴት ላመሰግን ነው የመጣሁት። «ስሜን እንዳትጽፍ» ብላ ስላስጠነቀቀችኝ አልጽፍም። የፈለጋችኋት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ደሴ ላይ ጥብቅና ስሠራ ነው የኖርኩት። ውጭ ሄጄም በዚያው በሙያዬ መሥራት ነበር ምኞቴ። ታዲያ አዲስ አበባ «ጉዳይህን ከሀ እስከ ፐ እንጨርስልሃለን» የሚል ቢሮ አለ ተባልኩ። ስሙ ይቅር። ሶፋው የቆዳ ነው፣ ግድግዳው ላይ የነጻነት ሐውልት ፎቶ ተሰቅሏል። ሰውየው እግሩን አነባብሮ «የኢትዮጵያ ፈቃድህ በቂ ነው፤ እንደደረስክ ሥራ ትጀምራለህ» አለኝ።

ለጓደኞቼም ይጥቀም፣ እውነቱ ይኼ ነው። የእኛ ሕግ በኮድ፣ ማለትም ተሰብስቦ በተጻፈ የሕግ መጽሐፍ፣ የሚመራ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ኒውዮርክ ደግሞ የኮመን ሎው ግዛት ነው፤ እዚያ ቀደም ያሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችም እንደ ሕግ ያገለግላሉ። ስለዚህ የእኛ ዓይነቱን ሕግ የተማረ ሰው መጀመሪያ እዚያው አሜሪካ ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው የኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ትምህርት መጨረስ አለበት። ከዚያ ፈተናው አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ማለፊያው ከ400 ውስጥ 266 ነው። ሌላ የሥነ ምግባር ፈተናም አለ። በዚያ ላይ 50 ሰዓት የነጻ የሕግ አገልግሎት ይጠየቃል። ይህን ደንብ ይዤ ሄጄ ሳሳየው ሰውየው ምን አለኝ መሰላችሁ? «እሱ ሌሎቹን ነው የሚመለከተው።» ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ እስካሁን አልነገረኝም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አሽጎ የሰጠኝን ትራንስክሪፕት ቀደው ከፈቱት። «ልናየው ብለን ነው» አሉኝ። የታሸገ ትራንስክሪፕት መሃል ላይ ከተከፈተ ማን ይቀበለዋል? የጥብቅና ፈቃዴንና የሥራ ልምድ ደብዳቤዬንም ተርጉመው፣ ማኅተም ደርድረውበት፣ ጠቀም ያለ ብር ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳት ተዉ።

ሆዴ እያረረ ደሴ ተመለስኩ። አንድ የችሎት ባልደረባዬ «ፒያሳ ያለችውን ልጅ ለምን አታያትም?» አለኝ። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ ሁለት ወንበር፣ በቃ። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ በእርሳስ እየተከተለች አነበበች። ምንም አላለችም። ከዚያ ቀና ብላ «ወንድሜ፣ ያለ ፈቃድ ነበር እንዴ ፍርድ ቤት የምትቆመው?» አለችኝ።

ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈቃዴ የተሰጠኝ ታኅሣሥ 12 ቀን 2009 ነው። የቆዳ ሶፋዎቹ 8 ደምረው ዲሴምበር 2017 ብለውታል። ትክክሉ ዲሴምበር 21 ቀን 2016 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ፈረንጆቹ ዓመታቸውን ከቀየሩ በኋላ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ደግሞ ከጥር 2009 ጀምሮ ችሎት እንደምቆም ይናገራል። እሱን በትክክል ጃንዋሪ 2017 ብለውታል። ሁለቱን ወረቀት አብሮ ያየ ሰው፣ ይኼ ጠበቃ ወደ አንድ ዓመት ያህል ያለ ፈቃድ ሠርቷል ነው የሚለው። ኒውዮርክ ደግሞ ፈተና ስላለፍክ ብቻ አያስገባህም፤ ጠባይህንም ይመረምራል። አስቡት እንግዲህ! ያ ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያንን አላየም፤ እሷ በእርሳሷ አየችው።

በማግስቱ ንጋት ላይ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ፤ ወረቀቱ ውጭ ጉዳይ መረጋገጥ አለበት። እሷ መተርጎም እንደጀመረች መብራት ድርግም አለ። የዚያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ነበር። «አብሽር፣ አንተ ሂድና ጓዝህን አሰናዳ» አለችኝ።

ንጋት ላይ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። የጦሳ ተራራን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ረዳቱ «ሞላ፣ እንሂድ» እያለ ሲጮህ ጋቢ የተከናነበች ሴት እየሮጠች መጣች። እሷ ናት! ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ፈልጋ ሌሊቱን እዚያ ቁጭ ብላ ጨርሳዋለች። ፖስታውን ከጋቢዋ ሥር አወጣችና በመስኮት ሰጠችኝ። እያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደማስገባው በእርሳስ ቁጥር ጽፋበታለች። ብር ልጨምርላት እጄን ኪሴ ስከት «ሒሳቡን ትናንት ተነጋግረናል እኮ። ይልቅ ዱኣ አድርግልኝ» ብላ ዞረች። አውቶቡሱ ውስጥ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አለቀስኩ።

ፖስታው ውስጥ ዋናው ዲግሪዬም ነበረ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቴ ከቤት ይዛ የወጣችው እሱን ነው። ወርቋን ትታ ዲግሪዬን በመቀነቷ አስራ ወጣች። እጥፋቱ እስካሁን አለ። ለእናቴ ስለዚህች ልጅ ስነግራት «እናቷ ትባረክ» ነው ያለችው። ወሎ ገራገሩ ሲባል የዘፈን ማድመቂያ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንዲህ ያለ ሰው አይተው ነው።

ከዚያ ወዲህም አልተለየችኝም። ፋይሎቹን ድረ ገጹ አልቀበል ሲለኝ እዚህ አሜሪካ ሆኜ በቴሌግራም ላክሁላት። አንድ ነገር አድርጋ መለሰችልኝ፣ ወዲያው ገባ። ምን እንዳደረገች አልገባኝም፣ አልጠየቅኋትምም።

እባካችሁ፣ ውጭ ለትምህርትም ለሥራም ወረቀት የምታዘጋጁ፣ ጠበቆችም ነርሶችም መሐንዲሶችም፣ ወደ እሷ ሂዱ። ኮምቦልቻም ሐይቅም ያላችሁ ሩቅ አይደለም። የቆዳ ሶፋ የላትም፣ ቡናም አታቀርብም። ዋጋዋን ቀድማ ትነግራችኋለች፣ በኋላም አትጨምርም። የማትችለውን «ይኼን አልችልም» ትላለች፤ ይህን የሚል ባለሙያ ስንቱ ነው? አርብ የምትሄዱ ከጁምዓ በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ዝግ ነው። ዋናውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ኮፒ ብታሳዩአት አትጀምርላችሁም።