የሽፋን ሰብል ዘር ሊገዙ ነው? ቬች፣ ላብላብ፣ ሙኩና፣ ዴስሞዲየም እና ግብጦ ሲነጻጸሩ

ማሳዎን ያስቸገረው አረም ሙጃ ነው ወይስ አቀንጭራ? የትኛውን ዘር እንደሚገዙ የሚወስነው ይህ ነው እንጂ የኪሎ ዋጋ አይደለም።

መሬት ለማልበስና ለአረንጓዴ ማዳበሪያ፣ ማለትም ታጭደው አፈሩን እንዲያዳብሩ፣ የሚዘሩት አብዛኞቹ ሰብሎች አረምን የሚያሸንፉት በጥላ ነው። ቅጠላቸው መሬቱን ቶሎ ካለበሰ ከሥር የበቀለው ሙጃ ብርሃን ያጣል፤ ሐረጉን ገለጥ አድርገው ቢያዩት ገርጥቶ፣ ቀጥኖ፣ ሲነኩት የሚበጠስ ሆኖ ያገኙታል። አቀንጭራ ግን የበቆሎና የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጠው ገና ከመሬት ሳይወጣ ነው። ጥላ ብቻ አይመልሰውም።

ስለዚህ አቀንጭራ ላለበት ማሳ ያለ ማመንታት ዴስሞዲየም እላለሁ። ሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር የአቀንጭራውን ዘር ያበቅለዋል፤ ከበቆሎው ሥር እንዳይጣበቅ ግን ይከለክለዋል። የበቀለው አቀንጭራ የሚመጠው አጥቶ እዚያው አፈር ውስጥ ይሞታል። አንድ አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በነቀላ የማያልቀውን ይህን ክምችት የሚያመናምን ተክል ማግኘት ለገበሬ ትልቅ እፎይታ ነው። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከእንግሊዙ የእርሻ ምርምር ተቋም ሮታምስቴድ ጋር ያዳበረው «ፑሽ-ፑል» የተባለው አሠራር አቀንጭራን የሚከላከለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዴስሞዲየሙ በበቆሎው መስመሮች መካከል ይዘራል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ዘሩ ውድና ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ደባልቀው ይዝሩት። በመጀመሪያው ዓመት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ራሱም መታረም አለበት። አንዴ ከያዘ ግን ለዓመታት ይቆያል፤ ሐረጉን ቆርጦ በመትከልም ማስፋፋት ይቻላል።

አረሙ ሙጃ፣ መጭ ወይም ሌላ ከዘር የሚበቅል ከሆነ አየር ንብረቱን ይመልከቱ። ለደጋ ቬች ይሻላል፤ በሄክታር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይበቃል። ብቻውን ሲዘራ ስለሚተኛ ከአጃ ጋር ቢቀላቀል ቆሞ ያድጋል፣ መኖውም ይበዛል። ለወይና ደጋና ለቆላ ላብላብ ይስማማል። ድርቅ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ሳምንታት ግን አዝጋሚ ስለሆነ አንድ ጊዜ መታረም ይፈልጋል።

ማፈኑን ብቻ ካየን ሙኩናን የሚስተካከል የለም። ግን በቆሎው ላይ ይጠመጠማል፤ በቆሎው ከተዘራ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ቢገባ ይመረጣል። የሚያሳክክ ፀጉር ያለው ዓይነትም ስላለ ሲገዙ የማያሳክከውን ይጠይቁ። ጥሬ ፍሬው ሰው ስለሚመርዝ ልጆች ከሚደርሱበት ያርቁት።

ልቅ ግጦሽ ባለበት ቀበሌ ቬችም ላብላብም በአንድ ሌሊት ሊጠፉ ይችላሉ። እዚያ የጎጃሙን ግብጦ አስቡበት፤ መራራ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም፣ አሲዳማና የተጎዳ መሬትም ይችላል። መሬት የማልበስ አቅሙ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ሰርዶና እንግጫ ላለበት ማሳ ከእነዚህ አንዱንም በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል ብለው አይግዙ። ከመሬት በታች ካለው ግንዳቸው መልሰው ያቆጠቁጣሉ፤ ደጋግሞ ማረስና ሥሩን ለቅሞ ማውጣት የግድ ነው።

ቬች፣ ላብላብ፣ ሙኩናና ግብጦ ማበብ ሲጀምሩ፣ ዘር ሳይዙ ይታጨዱ። ቀጥሎ በቆሎ ከሆነ የታጨደውን መሬቱ ላይ ይተዉት። ጤፍ ከሆነ ግን አርሰው ከአፈር ይቀላቅሉና 2 ወይም 3 ሳምንት ይጠብቁ፤ ደቃቁ የጤፍ ቡቃያ ያልበሰበሰ አገዳ ጥሶ አይወጣም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ እፍኝ ዘር ነጭ ጨርቅ ላይ በትነው ባዕድ ዘር እንዳለበት ይዩ፤ አረም ለማጥፋት ብሎ አረም ገዝቶ መመለስ አለና። ከዚያ 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩ። የቬች ወይም የላብላብ ዘር በሳምንቱ ከ80 በታች ከበቀለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።